ዙፋን ችሎት የሌለው ሙግት፦ የፍልሚያ ጨዋታ ስለማይሰለችበት ምክንያት

ሰው አንድ ጊዜ አንብቦ የፈጸመውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው ይመልሳል፤ አንድ ጊዜ ያየውን ሲኒማ፣ እጅግ ካልማረከው በቀር፣ እንደገና ለማየት ገንዘብ አያወጣም፤ እንቆቅልሽም ቢሆን መልሱ ከታወቀ በኋላ አገር የሚሰጥበት ሰው የለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው በብርሃን የተሣሉ ሁለት ምስሎችን የሚያደባድቡበትን ጨዋታ ግን፣ ምስሎቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ ምን ምን እንደሚያደርጉና ከሁለቱ አንዱ በመጨረሻ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ጠንቅቆ እያወቀ፣ አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ወራት፣ አንድ ዓመት ሳይሆን ዐሥርና ሃያ ዓመት ሲደጋግመው ይኖራል። እንዲህ ያለው ጽናት በጾምና በጸሎት እንኳ በጥቂቶች ብቻ የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ በየሰፈሩ ጌም ቤት በዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃናት ዘንድ በብዛት መገኘቱ የሊቃውንትን ምርምር የሚሻ ነገር ነው፤ ሊቃውንቱ ግን ጊዜ ስላላገኙ ሥራው በእኛ ላይ ወድቋል።

በዚህ ሐተታ የፍልሚያ ጨዋታ የምንለው፣ ሁለት ተፋላሚዎች በአንድ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ቆመው፣ በማያው አናት ላይ ለየራሳቸው የተሰመረው የነፍስ መስመር ተሟጦ እስኪያልቅ የሚማቱበትን፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደም አሸናፊ የሚባልበትን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የዚህ ሥርዓት ኦሪቱ የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ በ1991 ያወጣው «ስትሪት ፋይተር ሁለት» ሲሆን (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ያስተውል)፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት፣ በ1987 የተወለደውን የገዛ ታላቅ ወንድሙን ጨምሮ፣ እንደ ጥላና እንደ ምሳሌ የሚቆጠሩ ናቸው። ሴጋ በ1993 በ«ቪርቹዋ ፋይተር» ለምስሎቹ ገጽና ጀርባ፣ ወርድና ጥልቀት ሰጣቸው፤ ናምኮም በ1994 «ቴከን»ን ጀመረና ሦስተኛውን በ1997 ለመጫወቻ አዳራሾች፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ለፕሌይስቴሽን አወጣው። በእኛ አገር በጌም ቤት ወንበር ላይ ላደገ ሰው፣ ቴከን ሲባል ቁጥር ሳይጨመርበት ወደ ኅሊናው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሦስተኛው ነውና፣ እኛም ማስረጃችንን አብዝተን ከዚያ እንወስዳለን።

የጨዋታው አለመሰልቸት ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዳንዶች ከሥዕሉ ውበት ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት ሦስተኛውን ቴከን አንድ ጊዜ እንኳ በቅርብ ያየ ሰው የሚሰነዝረው አይደለም፤ ምስሎቹ ትከሻቸው ማእዘን ያለው፣ ፊታቸውም ቢመቱ ቢመቷቸው ብዙ የማይለዋወጥ ናቸው፤ ይህም ሆኖ ሃያ ዓመት አልፎት ይጫወቱታል። ሌሎች ከተፋላሚዎቹ ብዛት ነው ይላሉ፤ ስትሪት ፋይተር ሁለት ግን ተጫዋቹ የሚመርጣቸው 8 ሰዎችን ብቻ ይዞ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ በ2000 የወጣው «ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም ሁለት» 56 ተፋላሚዎችን አሰልፎ ሲያበቃ፣ በውድድር አደባባይ የሚታዩት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶቹ ነበሩ፤ የቀሩት ስማቸው በመዝገብ ብቻ አለ።

ክብደት ሊሰጠው የሚገባው፣ ሰውን የሚስበው ደሙ ነው የሚለው ነው፤ ይህን ያሉት የመንገድ ሰዎች ሳይሆኑ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ናቸውና። ኤድ ቡንና ጆን ቶባያስ በቺካጎው ሚድዌይ ኩባንያ ሠርተው በ1992 ያወጡት «ሞርታል ኮምባት»፣ የተሸነፈውን ሰው ልቡን ከደረቱ መመንጨቅን፣ ራሱንም ከነአከርካሪው መንቀልን የሚያሳይ ነበርና፣ ሴናተር ጆ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል በ1993 መጨረሻ ላይ ጉባኤ ጠርተው የጨዋታ ኩባንያዎቹን ፊት ለፊት ጠየቁ፤ በማግሥቱም ዓመት በየጨዋታው ሽፋን ላይ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚገባ የሚጽፍ ቦርድ ተቋቋመ። የሴናተሮቹን ሐዘን ከልብ እንጋራለን፤ ነገር ግን ከሥነ ሥርዓት አንጻር አንድ ነጥብ አምልጧቸዋል። ያ ሁሉ መመንጨቅና መንቀል የሚሆነው ክርክሩ ካበቃና ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ የሕግ ሰዎች ይህን አፈጻጸም ይሉታል፤ አፈጻጸም ደግሞ ምንም ያህል ቢያስጮኽ ጥቂት ጊዜ ካዩት ያስዛጋል። ልቡ የተመነጨቀበት ልጅም የሚያዝነው ለልቡ አይደለም፤ እርሱ ገና ከዚያ በፊት ስላረፈችበት አንዲት እርግጫ «አልነካችኝም» እያለ ይከራከራል።

የእኛም ሐሳብ የሚጀምረው ከዚህች «አልነካችኝም» ነው። የፍልሚያ ጨዋታ ሳይሰለች የሚኖረው በአሸናፊው ደስታ ሳይሆን በተሸናፊው ይግባኝ ነው። በድሮው ሥርዓት በላ ልበልሃ ተብሎ የተጀመረ ሙግት ከምስለኔው ወደ ገዥው፣ ከገዥው ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከአፈ ንጉሡም ወደ ዙፋን ችሎት ይወጣና እዚያ ያበቃ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የፈረዱትን የሚያነሣ አልነበረምና ተረቺው ከፍሎ ወይም ታርቆ ወደ እርሻው ይመለሳል። በፍልሚያ ጨዋታ ግን ዙፋን ችሎት የለም። ከእያንዳንዱ ፍርድ በላይ ሌላ ፍርድ አለ፤ እርሱም የሚቀጥለው ግጥሚያ ነው፤ የሚቀጥለውም ግጥሚያ ያለ መጥሪያ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ዳኝነት፣ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ወዲያው ይሰየማል። በሰንጠረዥ የተሸነፈ ሰው ነገሩ ሁሉ በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ስለ ተሸነፈ የሚለው አጥቶ ኮፍያውን አንሥቶ ይሄዳል፤ በእግር ኳስ የተሸነፈም ዐሥራ አንድ ሰው ዳግመኛ እስኪሰበስብ ንዴቱ ይበርድለታል። የፍልሚያ ጨዋታ ተሸናፊ ግን የሚለው ነገር ሞልቶ፣ ንዴቱም ሳይበርድ፣ ችሎቱ ክፍት ሆኖ ይቆየዋል፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድነት የሚገኙበት ሌላ ጨዋታ ቢኖር ለማወቅ እንወዳለን።

ይህ ይግባኝ ባዶ ማመካኛ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር የጨዋታውን ውስጠ ሥርዓት አልመረመረም ማለት ነው። ምስሉ በአንድ ሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ በቴከን ፈጣኗ ቡጢ ቁልፏ ከተጫነ በዐሥረኛው ምስል ላይ ታርፋለች፤ ይህም የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ሰው ግን በዓይኑ አይቶ በጣቱ እስኪመልስ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ አንዳንዱም አንድ አራተኛ ይፈጅበታል። እንግዲህ ያችን ቡጢ አይቶ የመከታት ሰው የለም፤ የመከታት ሁሉ አስቀድሞ የጠረጠራት ነው። በዚህ ላይ ምቶቹ በከፍታ፣ በመካከልና በዝቅታ ይከፈላሉ፤ ቆሞ የሚመክት በዝቅተኛው እግሩን ይጠለፋል፤ ቁጢጥ ብሎ የሚመክት መካከለኛው አናቱ ላይ ይወርድበታል፤ ቆሜ ሁሉን እችላለሁ ያለው ደግሞ ታንቆ ይጣላል፤ ሊያንቀው የመጣውን ቁጢጥ ብሎ ላሳልፈው ያለም፣ ያ ሰው ሐሳቡን ለውጦ በጉልበት ከተቀበለው፣ በምሕረት የሚተርፈው ጥርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከተጫዋቹ የሚጠየቀው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ትንቢት ነው፤ ትንቢቱ ያልደረሰለት ነቢይ ሁሉ ደግሞ ያልደረሰበትን ምክንያት ለማስረዳት ቃል አጥሮት አያውቅም። እርሱ ምን እንዳሰበ እኔ አውቃለሁ፤ ማወቄን እርሱ ያውቃል፤ ማወቄን ማወቁን እኔ ዐውቄ ሌላ አስባለሁ፤ በትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እንቢ ያላቸው ሁለት ልጆች በዚህ መሰላል ላይ በአንድ እስትንፋስ ሲወጡና ሲወርዱ መምህራቸው አለማየቱ የሚያሳዝን ነው።

የይግባኙ አቀራረብ የራሱ ቀኖና አለው። በቅርብ ሆኖ የተመለከተ ሰው እንደሚመሰክረው፣ የተሸነፈው ልጅ መጀመሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ አያይም፤ ወደ አሸናፊውም አያይም፤ ጆይስቲኩን ገልብጦ ሆዱን ያያል። ከዚያ መዳፉን በሱሪው ይጠርግና የግራውን ቀስት በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ጫን ጫን እያደረገ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ድምፁን ያዳምጣል። ገመዱን ከሥሩ ነቅሎ እፍ ይልበታል፤ መልሶም ይሰካዋል። ይህን ሁሉ በዝምታ ከፈጸመ በኋላ ብቻ «ይሄ ጆይስቲክ አይሠራም» ይላል።

ይህን ቃል እንደ አበው ሥርዓት መተርጐም ይገባል። «ይሄ ጆይስቲክ አይሠራም» አለ። ስለ ምን እንዲህ አለ ቢሉ፣ በእውነት ስለማይሠራ ነው፤ ብዙ ጣት አልፎበታልና ቀስቱ ላልቷል። አንድም፣ ጆይስቲኩ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ከበስተኋላው የቆሙ ልጆች አሉና ስለ ሰው ፊት ነው። አንድም፣ በእንዲህ ያለው ቤት የተሸነፈ ይከፍላልና ከኪሱ ስለሚወጣው ሳንቲም ነው። አንድም፣ አይሠራም ማለቱ እንለዋወጥ ሲል ነው፤ እንለዋወጥ ማለቱም እንደገና እንግጠም ሲል ነው። ታሪክ፦ ተለዋወጡ፤ ያው ልጅ ዳግመኛ ተሸነፈ፤ ጥቂት ዝም ብሎ «የበፊቱ ይሻል ነበር» አለ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የጆይስቲኩ ብልሽት የጨዋታው እንከን ሳይሆን ምሰሶው መሆኑን ነው። ከኮምፒዩተሩ ጋር ብቻውን የሚጫወት ሰው ቶሎ የሚሰለቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲያሸንፍ አይስቅም፣ ሲሸነፍ አያፍርም፣ አቤቱታም አይሰማም። ናምኮ በሦስተኛው ቴከን ውስጥ እየተራመዱ ብዙ ጠላት የሚመቱበትን፣ ኳስ እየመቱም የሚጫወቱበትን ተጨማሪ ክፍል አኑሮ ነበር፤ በዚያ ክፍል ስለተደረገ ነገር ግን ጓደኛሞች ሲኳረፉ የሰማ የለም፤ ኩርፊያ የሌለበት ጨዋታ ደግሞ ለመታረቂያ ተብሎ አይደገምም።

ይግባኝን እጅግ ያበዛው ግን ኤዲ ጎርዶ ነው። ይህ ብራዚላዊ የካፖኤራ ባለሙያ ከሦስተኛው ቴከን ጋር ወደ ዓለም የመጣ ሲሆን፣ ጠባዩ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው፤ የቴከን ዐራት ቁልፎች ለግራ እጅ፣ ለቀኝ እጅ፣ ለግራ እግርና ለቀኝ እግር የተከፈሉ ሆነው ሳለ፣ ሁለቱን የእግር ቁልፎች ያለ አንዳች ሥርዓት የሚቀጠቅጥ ሰው ኤዲን ከያዘ፣ ምስሉ በእጁ ቆሞ፣ በጀርባው ተሽከርክሮ፣ ከላይ የጀመረውን ከታች እየጨረሰ፣ ወሩን ሙሉ ሲያጠና የከረመውን ሊቅ ይዘርረዋል። ታላቅ ወንድሟን ለምሳ ልትጠራ የመጣች ታናሽ እኅት፣ «አንዴ ልሞክር» ብላ ተቀምጣ፣ ቁልፉን እንደ ሽሮ ድስት ስታማስለው የሰፈሩን አለቃ ሁለት ለባዶ አሸንፋ ተነሥታ መሄዷ፣ ያለ ትምህርት ስለሚሰጥ ጸጋ ለሚከራከሩ ሁሉ ብርቱ ጥያቄ ነው። ሊቁ «ይሄ ጨዋታ አይደለም» ይላል፤ መድኃኒቱንም ያውቃል፤ ታግሦ መክቶ፣ ሽክርክሪቱ ሲያበቃ መምታት ነው፤ ነገር ግን ማወቁ ሽንፈቱን ያባብስበታል እንጂ አያቀልለትም። ስለዚህ ያላወቀችው አሸነፍኩ ብላ ነገ ትመለሳለች፤ ያወቀው አልተሸነፍኩም ብሎ ዛሬውኑ ይቀመጣል፤ ምሳውም ይቀዘቅዛል። ኤዲን የሠሩ ሰዎች ይህን አስበውበት እንደ ሆነ አናውቅም፤ ያሰቡበት ከሆነ ግን በሰው ልጅ ድክመት ላይ የነበራቸው ዕውቀት ከአንድ ንስሐ አባት የሚያንስ አይደለም።

ይግባኙ በተጫዋቾች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በጨዋታው ሠሪዎች ዘንድም መኖሩ የሐሳባችንን ጽናት ያሳያል። ካፕኮም ስትሪት ፋይተር ሁለትን በ1991 ካወጣ በኋላ በገዛ ፍርዱ ላይ ይግባኝ እያለ እስከ 1994 ድረስ አራት ጊዜ አሻሽሎ አወጣው፤ በ2017ም ነገሩ የተረሳ መስሎ ሳለ ዳግመኛ መዝገቡን አንቀሳቅሶታል። ከእነዚህ እርማቶች መካከል በ1992 የተደረገው ለጥናታችን ልዩ ጥቅም አለው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሰዎች አንድን ተፋላሚ መርጠው ሊገጥሙ አይችሉም ነበርና፣ ተሸናፊው «ያንተ ሰው ከኔ ሰው ይበልጣል» የሚል ክርክር ነበረው። በ1992ቱ እርማት ግን ሁለቱም አንድ ሰው መያዝ ተፈቀደላቸው፤ ያ ክርክር ከሥሩ የተነቀለ መሰለ። ተሸናፊው ብዙ ሳይቆይ «በግራ በኩል መቀመጥ አልለመድኩም» አለ።

ጨዋታውን ከሁሉ ይበልጥ ጥልቅ ያደረገው ነገር ራሱ፣ ማለትም ምቶችን ሳያቋርጡ አያይዞ ማሳረፍ፣ ተጫዋቾች ኮምቦ የሚሉት፣ በዕቅድ የመጣ አልነበረም። የስትሪት ፋይተር ሁለት ፕሮዲዩሰር ኖሪታካ ፉናሚዙ፣ መኪና በቡጢና በእርግጫ የሚሰባበርበትን ተጨማሪ ዙር ሲመረምር፣ ከአንዱ ምት በኋላ ሌላው በመሐል ቀዳዳ ሳይኖር ሊገባ እንደሚችል አስተዋለ፤ ጊዜውን ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነም ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ተወው። ማንም አይጠቀምበትም የተባለው ነገር ዛሬ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሁሉ ሰዋስው ሆኗል፤ የተሸናፊዎችም ይግባኝ እኩሌታው «መሐል ላይ ልወጣ እችል ነበር» የሚል ነው።

የቴከኑን የሚሺማ ቤተ ሰብ ታሪክ የመረመረ ሰው ደግሞ ሞት እንኳ በዚህ ዓለም የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን ይረዳል። ሄይሃቺ ሚሺማ ልጁን ካዙያን ገና በሕፃንነቱ ከገደል ወረወረው፤ ልጁም አድጎ በመጀመሪያው ቴከን ፍጻሜ አባቱን ከገደል ወረወረ፤ አባቱም በሁለተኛው ፍጻሜ ልጁን ከእሳተ ገሞራ ጣለው፤ ልጁ በአራተኛው ተመለሰ፤ በሰባተኛው ደግሞ ተራውን አባቱን ከእሳተ ገሞራ ጣለ፤ ይህን ጊዜ ነገሩ አበቃ ተብሎ ተለቀሰ። በ2024 ሄይሃቺ ወደ ስምንተኛው ቴከን ተመለሰ። ልጅን ከገደል መወርወር በእኛ ዘንድ የተወገዘ መሆኑን ሳንሸሽግ፣ ተወርዋሪው ሁሉ ይግባኝ ብሎ የሚመለስበት ቤት ስለ ተገኘ ተጫዋቹ ትንሿን ሽንፈቱን የመጨረሻ አድርጎ እንዲቀበል መጠየቅ አግባብ አይመስለንም። ፖል ፊኒክስ የተባለው፣ ፀጉሩ እንደ ጦር ወደ ላይ የቆመው ሰው ደግሞ የሌላ ወገን ምሳሌ ነው፤ በሦስተኛው ውድድር ኦግር የተባለውን አውሬ ጥሎ፣ ሻምፒዮን ነኝ ብሎ በደስታ ወጥቶ ሄደ፤ አውሬው ግን ከበስተኋላው በሌላ መልክ ተነሣ። ይህን ሰው እንደ ሞኝ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ከሰዓት በኋላ ከጌም ቤት የሚወጣ አሸናፊ ሁሉ ፖል ፊኒክስ ነው እንላለን።

በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከሁሉ የገነነው ድል የተሸናፊ ድል መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። በ2004 በካሊፎርኒያ፣ ፖሞና በተደረገው ኢቮ በተባለው ውድድር፣ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ በ«ስትሪት ፋይተር ሦስት፣ ሠርድ ስትራይክ» ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር ገጥሞ፣ ኬን የተባለው ተፋላሚው የነፍሱ መስመር ከማለቅ ተርፎ ሲቃትት፣ የጀስቲን ቹን ሊ 15 እርግጫ በአንድ ጊዜ አዘነበችበት። እነዚህ እርግጫዎች ቢመክቷቸውም ጥቂት ጥቂት ይላጫሉና፣ ከኬን ነፍስ የቀረው አንዱን እንኳ የሚችል አልነበረም። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ እርግጫ በሚያርፍባት ቅጽበት ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ እርግጫው መግፋት፤ ይህንንም ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው አንዳች ሳይሳሳት መድገም። ዳይጎ ደገመው፤ የመጨረሻይቱንም በአየር ላይ ሆኖ ተቀብሎ ወረደና ጀስቲንን ጣለ፤ አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን ሁሉ የሚያወሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ የሆነውን አያወሩም፤ ዳይጎ በፍጻሜው ግጥሚያ በኬንጂ ኦባታ ተሸነፈ። ሻምፒዮኑን ስሙን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ይግባኙን ያሸነፈውን ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

ይግባኝ የአገር ድንበር እንደማይገድበው ደግሞ አርስላን አሽ በ2019 አስረድቷል። ከዚያ በፊት የቴከን መንበር በጃፓንና በኮሪያ መካከል ብቻ የሚመላለስ ይመስል ነበር፤ ይህ ከፓኪስታን፣ ከላሆር ከተማ የመጣ ሰው ግን በዚያው ዓመት በጃፓን የተደረገውን ኢቮና በላስ ቬጋስ የተደረገውን ኢቮ በቴከን ሰባት ሁለቱንም ወሰደ። የኮሪያና የጃፓን ሊቃውንት «እንዲህ ያለ ሰው ከየት መጣ» እያሉ ተደነቁ። ከየት እንደ መጣ ለሚያውቅ ሰው ግን የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ተሸናፊው በማግሥቱ ከሚመለስበት ሰፈር ነው የመጣው።

በመጨረሻ ዘመናችን ያመጣውን አደጋ ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ጨዋታው በኢንተርኔት መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ተሸናፊዎች ከጆይስቲኩ የሚበልጥ ጽኑ ክርክር አግኝተው ነበር፤ ይኸውም «ኔትዎርክ ነው» የሚለው ነው፤ ይህን ክርክር በአገራችን የሚጠራጠር ዳኛ አይገኝም። ነገር ግን ቶኒ ካነን የተባለ፣ ከኢቮ መሥራቾች አንዱ የሆነ ሰው፣ በ2006 ጂጂፒኦ የተባለ ጥበብ አወጣ። የዚህ ጥበብ ምሥጢሩ፣ የሩቁ ተጫዋች የጫነው ቁልፍ እስኪደርስ ድረስ ኮምፒዩተሩ ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ያ ሰው ቀድሞ ያደርግ የነበረውን ይቀጥላል ብሎ ተንብዮ ጨዋታውን ማስኬድ፣ ትንቢቱም ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳሳተውን አርሞ እንደገና ወደ ፊት መሮጥ ነው፤ ይህ ሁሉ ዓይን ሳያስተውለው ይፈጸማል። ተንብዮ የተሳሳተ፣ ተሳስቶም ያለ ክርክር የተመለሰ የመጀመሪያው ነቢይ ኮምፒዩተር ሆኖ መገኘቱ ለሌሎቻችን ትምህርት ይሆን ነበር። በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር ስድስትና በ2024 የወጣው ቴከን ስምንት ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ «ኔትዎርክ ነው» የሚለውም ክርክር ቀስ በቀስ እየተሸረሸረ ነው። የተጫዋቾች ብልሃት ግን ከዚህ ወዲያም አልነጠፈም፤ ኩባንያዎቹ የተፋላሚዎቹን ኃይል በየጊዜው እየቀነሱና እየጨመሩ በኢንተርኔት ይልካሉና፣ ተሸናፊው አሁን «ሰውዬዬን አዳክመውብኛል» ይላል። ይህ ክርክር ከቀድሞዎቹ የሚለየው፣ አንዳንድ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው።

እንግዲህ የጌም ቤት ባለቤቶችን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንበሩን ቢቀይሩ፣ ግድግዳውን ቢቀቡ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስነሡት ጄኔሬተር ቢገዙ አንቃወምም። ያችን የግራ ቀስቷ የላላውን ጆይስቲክ ግን እባክዎ አያስጠግኗት፤ የግድ የሚያስጠግኗትም ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የሌላኛውን ቀስት ያላሉ።